ፓተንት ተከልክለው ይግባኝ ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤቴ ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ሠርቶ ፓተንት፣ ማለትም ፈጠራውን ሌላው ያለ ፈቃዱ እንዳይጠቀምበት የሚያስችል መብት፣ ጠየቀ። ተከለከለ። የይግባኙን ረቂቅ አብረን አየነው፤ ስህተቶቹ የእሱ ብቻ ስላልሆኑ ነው ይህን የምጽፈው።

አንደኛው «እንዲህ ያለ ነገር የትም አላየሁም» ማለት ነው። የአገራችን የፈጠራ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987፣ አዲስነትን የሚለካው በመላው ዓለም ነው። ከማመልከቻው በፊት ሕንድ አገር ታትሞ ወጥቶ ከሆነ፣ ቃሊቲ ውስጥ ማንም ባይሰማውም አዲስ አይደለም።

ትልቁ ስህተት ግን ሁለት ጥያቄዎችን ማደባለቅ ነው። አዲስ ነው ወይ ሲባል፣ ፈጠራው ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀደምት ሰነድ ወይም ሥራ ውስጥ ይገኛል ወይ ማለት ነው። አንዲት ነገር ከጎደለች፣ አዲስ ነው። የፈጠራ ብቃት ሌላ ነው፦ ሙያውን የሚያውቅ ተራ ባለሙያ የነበረውን ይዞ ያለ ብዙ ችግር ይደርስበት ነበር ወይ? እዚህ ላይ ማመልከቻውን የሚመዝነው የፓተንት መርማሪ ሁለት ሦስት ሰነድ ማገናኘት ይችላል። ጎረቤቴ ግን ሦስት ገጽ ሙሉ «ይሄኛው ጭስ ማውጫ የለውም፣ ያኛው አየር ማስገቢያ የለውም» እያለ መርማሪው የጠቀሳቸውን ነባር ምድጃዎች እያንዳንዱን ለየብቻው ይጥላል። ለአዲስነት ጥሩ መልስ ነው፤ የተከለከለው ግን በሁለተኛው ነው! መጻፍ የነበረበት ባለሙያው ሁለቱን የሚያገናኝበት ምክንያት እንዳልነበረው ነው። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ይግባኝ ሰሚዎችም «ሊያደርገው ይችል ነበር» ማለት አይበቃም፣ «ያደርገው ነበር» ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። መርማሪው ፈጠራውን ካየ በኋላ «ይሄማ ቀላል ነው» ካለ፣ ይህንን በግልጽ ተከራከሩበት።

የጤፋችንን ጉዳይ አስታውሱ። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ይዞት የነበረውን ፓተንት የጣለው የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ነው።

«አምስት ዓመት ለፋሁበት» የሚለውንም አውጡት። ልብ ይነካል፣ ግን ልፋት አይመዘንም። ከዚያ ይልቅ ቁጥር አምጡ። «ብዙ ማገዶ ይቆጥባል» ባዶ ቃል ነው። ከእናንተው ጋር በጣም ከሚቀራረበው ነባር ምድጃ ጋር፣ እኩል እንጀራ ጋግራችሁ፣ ማገዶውን በኪሎ መዝናችሁ አሳዩ።

ሌላው ስህተት ገና ከመነሻው ለፓተንት ብቻ ማመልከት ነው። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት የፈጠራ ብቃት አይጠይቅም፤ አዲስነቱም የሚታየው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው። እንዲህ ላለ ምድጃ ቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ይሄ ነበር። ብቻ እዚሁ አገር ውስጥ በአደባባይ ከመሸጣችሁ በፊት አመልክቱ።