የሸክላ ማጫወቻን ንዝረት በታመቀ እንጨት መቀነስ

የሸክላ መርፌ ከሸክላው ቦይ የሚቀበለውን እንቅስቃሴ ከሞተሩ፣ ከኩሽኔታውና ከጠረጴዛው ከሚደርሰው ንዝረት ለይቶ አያውቅም፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ ድምፅ ማጉያው ይልካል። ደሴ ውስጥ አሮጌ ማጫወቻ ጠግኖ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ሳጥኑ ከስስ ቺፕውድ የተሠራ ከሆነ፣ መርፌ ከመቀየሩ በፊት መርፌውን የተሸከመውን ሰሌዳ ቢመረምር ይሻለዋል።

የታመቀ እንጨት የሚባለው፣ ቢች የተባለ የአውሮፓ ዛፍ ስስ የእንጨት ንጣፎች በፌኖል ሙጫ ተነክረው፣ ተደራርበውና በሙቀት ተጨምቀው የሚወጡበት ሰሌዳ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.35 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ተራው ቢች 0.7 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁራጭ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሲጣል ይሰምጣል። ሙጫ ሳይጠጣ የተጨመቀ እንጨት ግን እርጥበት ሲያገኝ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ መመለስ ስለሚጀምር፣ ለደሴ ክረምት አልመክረውም። ሰሌዳው በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ውስጥም ይሠራበታል፤ ሆኖም በአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ፒሲቢ የተባለ መርዝ ሊኖር ስለሚችል፣ ዘይት የነካው ቁራጭ በነፃ ቢገኝ እንኳ መተው አለበት።

ሙሉውን ሳጥን በዚህ ውድ ዕቃ መሥራት አስፈላጊ አይመስለኝም። ወሳኙ ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ኩሽኔታና መርፌውን የያዘው ክንድ መቆሚያ በአንድ ወጥ ሰሌዳ ላይ መታሰራቸው ነው፤ ሁለቱ አንዱ ከሌላው ተለይተው ሲንቀጠቀጡ መርፌው ልዩነቱን እንደ ሙዚቃ ያነበዋልና። 30 በ20 ሴንቲሜትር ስፋትና 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ 1.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማጫወቻው በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ከሆነ ግን ይህ ክብደት ስፕሪንጉን ስለሚያወርደው ሥራው አይሆንም።

የድሮው ሰሌዳ በአዲሱ ላይ ተደርጎ ቀዳዳዎቹ በሹል ብረት ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ከሳህኑ እምብርት እስከ ክንዱ መዞሪያ ያለው ርቀት በ1 ሚሊሜትር እንኳ ቢዛነፍ መርፌው በቦዩ ውስጥ አቅጣጫውን ይስታል። ተራ የእንጨት መጋዝ ቶሎ ስለሚደንዝ ጫፉ ካርባይድ የሆነ መቁረጫ ያስፈልጋል፤ ለኩሽኔታው ቀዳዳ ደግሞ በማቆሚያ ላይ በታሰረ ትራፓኖ ቀስ ብሎ፣ ፑንታውን እያወጡና ብናኙን እየጠረጉ መብሳት ይገባል። ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ጭምብል ሳያደርጉ መጀመር አይገባም። ሰሌዳው የብሎን ጥርስ በቀጥታ ስለሚቀበል በማጣበቂያ ፋንታ በብሎን ማሰር ይቻላል፤ ማጣበቅ ግድ ከሆነ አንጸባራቂው ገጽ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ።

ሞተሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ መታሰር የለበትም። በእኛ 50 ኸርዝ መብራት የሚሠራ ሞተር በ100 ኸርዝ ገደማ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነውና፣ ለብቻው በጎማ ላይ ቢቆምና በቺንጊያ ብቻ ቢገናኝ ይመረጣል።

ሥራው ሲያልቅ ሳህኑ በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ፣ መርፌው በቆመ ሸክላ ላይ አርፎ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ሰሌዳው በጣት ጥፍር ይንኳኳ። ከስፒከሩ አጭርና ደረቅ «ጠቅ» ከተሰማ ጥሩ ነው፤ የሚጎተት «ዱም» ከሆነ ግን ብሎኖቹ ይጥበቁ፣ ስፒከሩም ከማጫወቻው ጠረጴዛ ላይ ይነሣ። ኩሽኔታው ራሱ በልቶ የሚንገጫገጭ ከሆነ ሰሌዳው አያድነውም፤ እርሱ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።