ፒስተኑን ከመለካታችሁ በፊት አቀዝቅዙት
በቤታችሁ ቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) ለሞዴል ሞተር ፒስተን የምትሠሩ ከሆነ፣ የመጨረሻውን ልክ የምትወስዱት ሥራው ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን። ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ፒስተን ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 0.018 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ፣ ገና ትኩስ ሳለ ማይክሮሜትሩ (ረቂቅ መለኪያው) ልክ ነው ያለው ፒስተን ከቀዘቀዘ በኋላ በሲሊንደሩ ውስጥ ይላላል፤ የእኔ የመጀመሪያ ፒስተን ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት መጫኛ ሆኖ የተቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሥራው ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። የውጭውን ዲያሜትር በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ የውስጡን ቀዳዳ ከማስተካከል ስለሚቀል፣ አስቀድሞ ሲሊንደሩን ጨርሶ ፒስተኑን በእርሱ ልክ ማውጣት ይሻላል። ፒስተኑን ከሚቀረጽበት የአሉሚኒየም ዘንግ ቆርጣችሁ ሳትለዩት፣ ቶርኖውን አጥፍታችሁ ብናኙን ከጠረጋችሁ በኋላ፣ ሲሊንደሩን በእጃችሁ እየገፋችሁ በላዩ ላይ ሞክሩት፤ ባለ ሦስት መንጋጋ መያዣ አንዴ የተፈታን ሥራ በቀድሞው መሐል ላይ መልሶ አይዝምና። ደግሞም ቀጭን ዘንግ ከመቁረጫው ጥቂት ስለሚሸሽ፣ በመጨረሻ ጥልቀቱን ሳትጨምሩ መቁረጫውን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አሳልፉት፤ ምንም አይነካም ባላችሁት ጉዞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ፍቅፋቂ ሲወርድ ታያላችሁ።