የተርኪ አደን ሾትገን ከዒላማ ውጭ ሲመታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን አሜሪካ የዱር ተርኪን በሾትገን፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎችን በአንዴ በሚተፋ ጠመንጃ፣ የሚያድን ሰው የሚያነጣጥረው በወፉ ጭንቅላትና አንገት ላይ ነው። ገላው በድርብርብ ላባና በወፍራም የደረት ሥጋ የተሸፈነ በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ያረፉ የእርሳስ ፍሬዎች ብዙውን ጊዜ ወፉን አቁስለው ይሰዱታል እንጂ ወዲያው አይጥሉትም። በዚህ ምክንያት የተርኪ ጠመንጃ ፍሬዎቹን አጥብቆ በአንድ ቦታ እንዲያሳርፍ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ጥበቱ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። «ሾትገን ብትን ነው፣ ወደዚያ ካዞሩት አንዱ ፍሬ አይስትም» የሚለው አባባል ለድርጭት አደን ቢሠራ እንኳ እዚህ አይሠራም፤ በ10 ያርድ፣ ማለትም በ9 ሜትር ገደማ ርቀት፣ የጠበቀ ብትን ከሰው ጡጫ ብዙም አይሰፋም።

ጠመንጃው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወይም ሽቅብ ሲመታ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የሚያዳግተው ችግሩ ስለሚረቅ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ምክንያቱን ሳይለይ መፍትሔውን ስለሚጀምር ነው።

ከአንድ ተኩስ በኋላ ማነጣጠሪያውን መነካካት

ከሁሉም ስህተቶች ብዙ ጥይት የሚያባክነው ይህ ነው። አንድ ሰው ወረቀቱ ላይ ይተኩሳል፣ ፍሬዎቹ ወደ ቀኝ ማዘንበላቸውን ያያል፣ ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ ያዞራል፤ ቀጣዩ ተኩስ ደግሞ ወደ ግራ አልፎ ይሄዳል፣ እሱም መልሶ ያዞራል። አንድ ተኩስ የሚናገረው ስለዚያ አንድ ተኩስ ብቻ ነው። ትክክለኛው አካሄድ በሦስት አዳዲስ ወረቀቶች ላይ፣ በተመሳሳይ ጥይት፣ በተመሳሳይ አያያዝና በአንድ የማነጣጠሪያ ነጥብ ሦስት ጊዜ መተኮስ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ፍሬዎቹ በብዛት የተከማቹበትን ቦታ በዓይን ገምቶ መሐሉን በእስክሪብቶ ማመልከት ነው። ወረቀቶቹን ደራርቦ ወደ ብርሃን ቢያነሷቸው ሦስቱ ምልክቶች የት የት እንደወደቁ ወዲያው ይታያል።

ሦስቱ መሐሎች ተቀራርበው በአንድ በኩል ከወደቁ ጠመንጃው ሁልጊዜ ወደዚያው ይመታል ማለት ነው፤ ይህ በማነጣጠሪያ፣ በሰደፍ ወይም በቾክ (በበርሜሉ ጫፍ ላይ ገብቶ ብትኑን የሚያጠብ ቱቦ) ይስተካከላል። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ግራ፣ ሦስተኛው ደግሞ መሐል ላይ ካረፈ ግን የቱንም ያህል ማነጣጠሪያውን ቢያዞሩት አይረዳም፤ የላላ ነገር አለ፣ ወይም ተኳሹ በየተኩሱ የተለየ ነገር እያደረገ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ ሁሉ የሚወሰነው ከእነዚህ ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንዳሉ በማወቅ ስለሆነ፣ ሦስቱን ጥይት መቆጠብ ቁጠባ አይደለም።

የማረፊያውን ቦታና የብትኑን ጥግግት መቀላቀል

ፍሬዎቹ የት ያርፋሉ የሚለውና ምን ያህል ተጠጋግተው ያርፋሉ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ አዳኞች እንደ መነሻ የሚወስዱት መለኪያ በ40 ያርድ (36 ሜትር ተኩል ገደማ) ርቀት፣ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ 100 ፍሬዎችን ማግኘት ነው። ችግሩ ሰዎች ክቡን ቀድመው በማነጣጠሪያው ነጥብ ዙሪያ ይስሉና በውስጡ 40 ፍሬ ብቻ ሲያገኙ «ጥይቱ ደካማ ነው» ብለው ሌላ ጥይት መግዛታቸው ነው። ክቡን ፍሬዎቹ በጣም በተከማቹበት ቦታ ላይ አድርገው ቢቆጥሩ ምናልባት 130 ይሆኑ ነበር፤ ጥይቱ ጥሩ ነበር፣ የሄደው ግን ሌላ ቦታ ነው። የተገላቢጦሹም ይደርሳል፦ መሐሉ በትክክል ያረፈ፣ ነገር ግን የሳሳ ብትን ማነጣጠሪያ በማዞር አይጠብቅም።

ከመጀመሪያውኑ በ40 ያርድ መጀመር

በሩቅ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ወረቀት ይሰቅልና ፍሬዎቹ ከወረቀቱ ውጭ ሲያልፉ ወዴት እንደሄዱ እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። በ15 ያርድ፣ በየጎኑ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ወረቀት ላይ፣ ርግጫው ቀላል በሆነ የልምምድ ጥይት መጀመር ትከሻንም ኪስንም ያተርፋል። የዚህ ጥይት ሥራ ጉልህ መዛነፍ መኖር አለመኖሩን ማሳየት ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ማስተካከያ የሚደረገው በአደኑ ጥይት፣ በመጀመሪያ በ20፣ ቀጥሎ በ40 ያርድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በ15 ያርድ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የዛነፈ ጠመንጃ በ40 ያርድ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዛነፋል። ያ ከላይ ከተጠቀሰው ክብ መሐል እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በመሆኑ፣ በቅርብ «ትንሽ ወደ ቀኝ» የተባለው ነገር በሩቅ የብትኑን ግማሽ ያህል ከክቡ ውጭ ያስቀረዋል።

ብሎኖችን ሳይፈትሹ ስለ ጥይት መከራከር

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ የማነጣጠሪያውን መቀመጫ፣ ሰደፉን የያዘውን ብሎን፣ ቾኩን፣ በፓምፕ ጠመንጃዎች (የፊት እጀታቸው ወደኋላና ወደፊት እየተሳበ በሚጎርሱት) ላይ ደግሞ ከበርሜሉ ሥር ያለውን የካዝና ቱቦ ክዳን በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህ ክዳን ሲላላ በርሜሉ በተቀመጠበት ትንሽ ይንቀሳቀሳልና ብትኑ በየተኩሱ ይዘዋወራል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ገጥሜ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞርኩ ግማሽ ፓኮ ጥይት ከጨረስኩ በኋላ፣ በአውራ ጣቴ ጎኑን ገፋ ባደርገው እንደሚወልቅ ጥርስ ተነቃነቀ። ያጠበቅሁት ራሴው ስለነበርኩ ሌላ የምወቅሰው ሰው አልነበረኝም። የሾትገን ርግጫ ብሎንን በቶሎ ያላላል፤ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታና አምራቹ በጻፈው ልክ የሚያጠብቅ ካቻቢቴ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ጉንጭን ከሰደፉ ላይ ማንሳት

በአፈሙዙ ላይ አንዲት ዶቃ ብቻ ባለችበት ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ነው። ዓይን ከፍ ካለ ተኩሱ ከፍ ይላል፤ ዓይን ከበርሜሉ መሐል ወደ ግራ ካፈነገጠ ተኩሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ልኩን ማየት ይጠቅማል፦ ከዓይን እስከ ዶቃዋ ያለው ርቀት 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ጉንጭ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ማለቱ በ40 ያርድ ላይ ተኩሱን 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወስደዋል። ሦስት ሚሊ ሜትር የክረምት ኮፍያ፣ ፊት መሸፈኛ ጨርቅ ወይም ወፉ ሲወድቅ ለማየት መጓጓት በቀላሉ የሚያመጣው ልዩነት ነው። በተለይ ለረጅም ሰዓት ዛፍ ተደግፎ የተቀመጠ አዳኝ፣ አውራው ተርኪ ድንገት ብቅ ሲል አንገቱን ቀና አድርጎ ስለሚተኩስ በወፉ ላይ አሳልፎ ይስታል፤ በማግስቱ በጠረጴዛ ላይ ሲሞክረው ግን ጠመንጃው ምንም ጥፋት አይገኝበትም።

መፈተኛው ዓይንን ጨፍኖ፣ ባዶውን ጠመንጃ በተለመደው አኳኋን ትከሻ ላይ አስቀምጦ፣ ጉንጭን አሳርፎ፣ ከዚያ ዓይንን መግለጥ ነው። የበርሜሉ ጀርባ ረዝሞ ከታየ ሰደፉ ለተኳሹ ከፍ ብሏል፤ ዶቃዋ ጭራሽ ካልታየች ዝቅ ብሏል። በብዙ ከፊል አውቶማቲክ ሾትገኖች ሳጥን ውስጥ በሰደፉና በጠመንጃው አካል መካከል የሚገቡ ስስ ማስተካከያዎች ይገኛሉ፣ እነሱም ሰደፉን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመልሱታል። ብዙ ባለቤቶች ሳጥኑን ሲጥሉ አብረው የሚጥሏቸው ናቸው።

በርሜሉን ጠንካራ ነገር ላይ ማሳረፍ

በመሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ በርሜሉ ራሱ እንጨት ወይም ብረት ላይ ካረፈ በተኩስ ጊዜ ካረፈበት ነገር ይሸሻል፣ ተኩሱም ወደ ላይ ይነሳል። ማረፍ ያለበት የፊት እጀታው ነው፣ እሱም በለስላሳ የአሸዋ ከረጢት ላይ። ጠረጴዛው ላይ ከጨረሱ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጠመንጃውን ጉልበት ላይ አሳርፎ ሁለት ተኩስ መጨመር ተገቢ ነው፤ አደኑ የሚካሄደው እንደዚያ ነውና።

ከርግጫው መሸሽን በጠመንጃው ማሳበብ

ሦስት ኢንች ተኩል የሚረዝም የ12 ጌጅ (ጌጅ የሾትገን በርሜል ስፋት መለኪያ ነው) ጥይት ትከሻን ክፉኛ ይመታል፤ ሰውነትም ምቱን ቀድሞ ይጠብቀዋል። ምላጩ ከመሳቡ በፊት ትከሻ ወደፊት ይገፋል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ እጅ ጠመንጃውን ይነቀንቀዋል። ተኳሹ ይህን ማድረጉን በራሱ አያውቅም፤ ቢነግሩትም አያምንም። ጓደኛው ሳያሳየው ከጥይቶቹ መካከል ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ቢያስገባለት ግን፣ ጠመንጃው ሳይተኩስ አፈሙዙ ወደ ታች ሲጠልቅ ሁለቱም ያያሉ። ይህ ከታየ ያን ቀን መተኮስ ማቆም ይሻላል፤ በማግስቱ አጠር ባለ ጥይት መቀጠል ይቻላል። ያጠረው ጥይት ለአደኑም ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

እጅግ የጠበበው ቾክ ይሻላል ብሎ ማመን

የ12 ጌጅ በርሜል የውስጥ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለተርኪ የሚሸጡ ቾኮች ብዙዎቹ ጫፉን ወደ 17 ወይም 16.5 ሚሊ ሜትር ያጠቡታል። ከአንድ ልክ ያለፈ ጥበት ግን የእርሳስ ፍሬዎችን ያጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ ፍሬ ደግሞ ከጓደኞቹ ተለይቶ ይበራል፣ ብትኑም መሐሉ ሳስቶ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ቾኩ ከበርሜሉ መሐል ትንሽ ዞር ብሎ የተሠራ እንደሆነ ለማወቅ፣ በሌላ ቾክ ተኩሶ ማነጻጸር በቂ ነው፦ መሐሉ ከቾኩ ጋር ቦታ ከቀየረ ጥፋቱ የቾኩ ነው፣ ካልቀየረ ምክንያቱ ሌላ ዘንድ ይፈለግ። የፕላስቲክና የእርሳስ ቅሪት ማጽዳትና ከጥቂት ተኩስ በኋላ ቾኩ አለመላላቱን ማየት እዚሁ ውስጥ ይገባል። የብረት ፍሬ ያለበትን ጥይት አምራቹ በግልጽ ባልፈቀደው ጠባብ ቾክ መተኮስ ግን በርሜልን ሊያበላሽ የሚችል ነገር ስለሆነ በሙከራም አይደረግም።

በአንድ ጥይት አስተካክሎ በሌላ ማደን

ቁጥር 5 የእርሳስ ፍሬ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ ቁጥር 9 የተንግስተን ፍሬ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 18 ግራም ገደማ ነው፣ የእርሳስ 11.3 ሲሆን። የተንግስተን ጥይት ውድ በመሆኑ ሰዎች በርካሹ እርሳስ አስተካክለው ውዱን ለአደኑ ቀን ያስቀምጡታል። ጠመንጃው ፍሬው ከአፈሙዙ ሳይወጣ መንቀሳቀስ ስለሚጀምር፣ የጥይቱ ፍጥነትና ክብደት ሲለወጥ የማረፊያው ቦታም ሊለወጥ ይችላል። ቢያንስ ሁለት የአደኑን ጥይት ለወረቀት መሠዋት ግድ ነው። የሚፈቀደው የፍሬ መጠን በየግዛቱ ስለሚለያይ ጥይቱን ከመምረጥ በፊት የግዛቱን ደንብ ማየትም ተገቢ ነው።

ማነጣጠሪያውን በተገላቢጦሽ ማንቀሳቀስ

የኋላ ማነጣጠሪያ ተኩሱ እንዲሄድ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፤ የፊተኛው ግን በተቃራኒው ነው። ተኩሱ ከፍ ካለ የፊቷ ዶቃ በረዘመች ትተካለች፣ ወይም የኋላው ዝቅ ይላል። በቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ላይ አንዱ ቀጭታ (የማስተካከያው ብሎን ሲዞር ቀጭ የሚልበት አንድ እርምጃ) አንድ ኤም.ኦ.ኤ.፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ፣ ከሆነ በ40 ያርድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በ20 ያርድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። በ40 ያርድ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ የሚመታ ጠመንጃ ወደ ግራ 9 ወይም 10 ቀጭታ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላም በሦስት አዲስ ወረቀቶች ላይ ይሞከራል።

ማነጣጠሪያው መጨረሻው ድረስ ዞሮ አልበቃ ካለ፣ ቾክም ሰደፍም ተለውጦ መሐሎቹ አሁንም በአንድ በኩል ከተደራረቡ፣ በርሜሉ መጣመሙ ወይም የማነጣጠሪያው መቀመጫ ወደ ጎን ተዛንፎ ተበስቶ መሠራቱ ይጠረጠራል። በርሜልን በጉልበት ጠምዝዞ ማቅናት የጠመንጃ ጥገና ባለሙያ ሥራ ነው። ወደ እሱ ሲሄዱ ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ወረቀቶቹንም ይውሰዱለት፤ በእያንዳንዱ ላይ ርቀቱ፣ የጥይቱና የቾኩ ዓይነት፣ እንዲሁም የተነጣጠረበት ነጥብ በእስክሪብቶ ተጽፎ።