አዲስ ሌክቸረር ከሆናችሁ ይቺን አንብቡ

የቅጥር ደብዳቤው ወጥቷል። ፋይናንስና ሰው ሀብት ሲያመላልሷችሁ ሰንብተው ተገላገላችሁ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት የዲፓርትመንት ኃላፊው ጠርቶ ብጣሽ ወረቀት ያስጨብጣችኋል፤ ሁለት ኮርስ፣ ሶስት ሴክሽን። «ከነገ ጀምሮ ግቡ።» በቃ። ስራው ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ የለም። እኔም እንዲሁ ገብቼ ብዙውን ነገር የተማርኩት በተማሪ ኪሳራ ነው።

ወረቀት ላይ ስራው ሶስት ነው፤ ማስተማር፣ ምርምር መስራት፣ ማህበረሰቡን ማገልገል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም፣ ቁጥር 1152/2011፣ የሚለው ይሄንኑ ነው። ደረጃው ከጂኤ (ግራጁዌት አሲስታንት) ይጀምርና ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር እያለ እስከ ፕሮፌሰር ይሄዳል። ጂኤ ስትሆኑ ድርሻችሁ ቱቶሪያልና ላብራቶሪ ነው ይባላል። ሰው ሲጎድል ግን ሙሉ ኮርስ ይዛችሁ ትገኛላችሁ፣ አትደንግጡ።

ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ካሪኩለሙንና ያለፈውን ዓመት ኮርስ አውትላይን ጠይቁ። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ነው ይላል። ምዝገባ ይዘገያል፣ በዓል ይመጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ አንዳንዴም ተማሪው ከቤቱ ሳይመለስ ሁለተኛው ሳምንት ያልቃል፤ ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የማቅደው በ12 ነው። ምዕራፍ አምስት ቢቀር ምን ችግር አለው የሚባልበት ዘመን ደግሞ አልፏል። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፣ ለማለፍም ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። እናንተ የዘለላችኋትን ምዕራፍ ልጁ ከዓመታት በኋላ እዚያ ያገኛታል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ አውትላይኑን አትሙና ስጡ። ኩዊዝ ስንት፣ ሚድ ስንት፣ ፋይናል ስንት እንደሚይዝ በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ አትቀይሩት። የቢሮ ሰዓታችሁንም በር ላይ ለጥፉ።

ስላይድ ማንበብ ማስተማር አይደለም፣ ይሄ ይታወቃል። ብዙ ሰው የማይነግራችሁ የቋንቋውን ነገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ተማሪው ደግሞ ሲከብደው ፊቱ ይናገራል። ወዲያው ወደ አማርኛ ዞር ማለት ያምራችኋል። እኔም አደርገው ነበር፣ ግማሹ ክፍል ይስቃል፣ ደስ ይለዋል፣ እኔም ጎበዝ መምህር የሆንኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ከሶማሌ ክልል የመጣ ልጅ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ ቀልዱን ተውት፣ ግን ማብራሪያውም በአማርኛ ሆነብኝ» አለኝ፣ ያንኑም በእንግሊዝኛ ነው ያለኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛውን አሳጥራለሁ፣ ቁልፍ ቃሉን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ምሳሌ እጨምራለሁ። ቀስ ይላል እንጂ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በእኔ እምነት የአንድ መምህር ልክ የሚታየው ወረቀት ሲመልስ ነው። ተማሪ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሳሳተ ሳያውቅ ሴሚስተሩ ካለቀ፣ አልተማረም፣ ተፈተነ እንጂ። ሚዱን በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ። 180 ወረቀት ነው? አውቃለሁ፣ ወገብ ይቆርጣል።

እኔ እንዲህ ነው የማርመው። የመልስ ቁልፉንና የነጥብ አከፋፈሉን ከፈተናው በፊት እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም የተማሪዎቹን መልስ ካየሁ በኋላ የምጽፈው ቁልፍ ወደ ጎበዙ ልጅ መልስ ያደላል። ስም ያለበትን ገጽ ወደ ኋላ እገለብጣለሁ። ከዚያ አንድን ልጅ ጨርሼ ወደ ሌላው አልሄድም፤ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ አርሜ፣ ወረቀቱን አደባልቄ፣ ወደ ሁለተኛው እገባለሁ። ማታ አምስት ሰዓት ላይ የታረመ ወረቀት ጠዋት ከታረመው ጋር እኩል አይታይም፤ ሲደክመኝ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ላይ ይጠነክራል።

ኤክሴሉን ደግሞ ሁለቴ እዩት። በሁለተኛ ዓመቴ የስም ዝርዝሩን በፊደል ተራ ልደረድር ብዬ የስሙን አምድ ብቻ መርጬ ደረደርኩት። ውጤቱ ባለበት ቀረ። የአንዱ ሴክሽን ግሬድ በሙሉ ተዘበራረቀ ማለት ነው፣ ሬጅስትራር ገብቶ ከተለጠፈ በኋላ ነው የታወቀው። አንዲት አንደኛ የምትወጣ ልጅ ሲ አይታ አለቀሰች፣ ፋይናል ያልተቀመጠ ልጅ ደግሞ ኤ አግኝቶ ዝም አለ! ለእያንዳንዱ የግሬድ ማስተካከያ ፎርም ሞልቼ፣ ዲፓርትመንት ካውንስል ፊት ቆሜ አስረዳሁ። አሁን ሳላስገባ በፊት አስር ወረቀት በእጣ አወጣና ከኤክሴሉ ጋር አመሳክራለሁ። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ግሬድ ሲወጣ በራችሁ ይንኳኳል። «መምህር፣ ሁለት ነጥብ ብቻ» የምትለዋን ትሰማላችሁ። ወረቀቱን አውጡና አብራችሁ እዩት። የድምር ስህተት ካለ ሳታቅማሙ አስተካክሉ፣ ከሌለ ደግሞ የለም በሉ። ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ልጁ «ልባረር ነው» ካለ ልባችሁ ይነካል፣ ግን ለእሱ የምትጨምሩት ሁለት ነጥብ ቢሮ ለመምጣት ያፈረችው ልጅ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ዘመድ ነኝ ብሎ ለሚደውለው መልሱ አጭር ነው፤ ልጁ ራሱ መጥቶ ወረቀቱን ይይ። ማር፣ ቅቤ፣ ካርድ፣ ምንም አትቀበሉ። ተማሪ ቢሮ ሲኖር በሩ ክፍት ይሁን። ከሴት ተማሪ ጋር ስለ ውጤት የሚደረግ ወሬ ካፌ ውስጥም ሆነ በማታ ቴሌግራም አይደረግም፤ ይሄ ላይ ቀልድ የለም።

ማማከር የሚባለው ላይ ብዙዎቻችን እንሰንፋለን። የመመረቂያ ጽሁፍ ሲመጣ ፈርሞ መሸኘት ቀላል ነው። ስለ ባህር ዳር ነጋዴዎች የተጻፈ ጥናት አንብቤ ምዕራፍ ሶስት ላይ «የናይሮቢ መልስ ሰጪዎች» የሚል አግኝቻለሁ፣ ፎንቱ ራሱ ተቀይሯል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ፣ ፎንቱም አይቀየርም። መፍትሄው በቃል መጠየቅ ነው። አንዱን ሰንጠረዥ አሳዩትና «ይሄን አንብብልኝ፣ ቁጥሩ ከየት መጣ?» በሉት። የሰራው ልጅ ይንተባተብ ይሆናል እንጂ ይመልሳል። ረቂቅ የሚያስገቡበትን ቀንም ከመጀመሪያው ቁረጡ፣ ካልሆነ ሁሉም በመጨረሻው ሳምንት ተሰልፈው ይጠብቋችኋል።

ምርምሩ ለእድገት ያስፈልጋል፣ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ለክፍሉ ስጡት። ገንዘብ ከፍላችሁ በሳምንት ውስጥ እናትምላችሁ የሚሏችሁን ጆርናሎች ሽሹ። ኤችዲፒ የሚባለው የማስተማር ዘዴ ስልጠና እድሉ ሲመጣ ግቡበት፣ ወረቀቱ ይበዛል ግን ይጠቅማል። ኮሚቴ ከሁለት በላይ አትቀበሉ። ስለ ደመወዙ አታስጀምሩኝ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ አቴንዳንሱን አስረክቡ፣ የፋይናል ወረቀቶቹን በየሴክሽኑ አስራችሁ ካቢኔት ውስጥ ቆልፉ። ግሬዱ በተለጠፈ ማግስት ስልካችሁን ማጥፋት ይቻላል፣ እኔም አጠፋለሁ። በር ላይ የለጠፋችሁት የቢሮ ሰዓት ሲደርስ ግን ቢሮ ተገኙ፣ ወረቀቱን ማየት የሚፈልግ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።