የቆየ ሌንስ ከውጭ አገር ሰብሳቢ ጋር ሲቀያየሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ከሱሉልታ፣ ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ ሆኖ ባሕር ማዶ ካለ ሰብሳቢ ጋር ሌንስ የሚቀያየር ሰው ችግሩ የሚገለጥለት ካርቶኑን ሲከፍት ነው። መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ሳይፈተሽ የታለፈ ነገር ነው።

መስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ይታያል

ሻጋታ ነው። በተራ የክፍል ብርሃን ያመልጣል። መብራቱን አጥፉ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ የእጅ ባትሪ ከኋላ እያበራችሁ ከፊት በኩል አዘንብላችሁ ተመልከቱ። የአየሩ እርጥበት ከ60–70 በመቶ አልፎ ሲቆይ ይበቅላል፤ ክረምቱን በቆዳ ማኅደር ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ሌንስ መስከረም ላይ እንዲህ ሆኖ ይወጣል።

ገና የጀመረ ከሆነ ሌንሱ ተፈትቶ፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አሞኒያ እኩል በእኩል በተቀላቀለበት ፈሳሽ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፤ በረኪና ግን ጨርሶ አታስጠጉ፣ ከአሞኒያ ጋር መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሻጋታው የመስታወቱን ልባስ በልቶት ከሆነ ጠባሳው ይቀራል። ያንን ሳይናገሩ መላክ ነውር ነው።

ለማስቀመጥ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃል፤ ንባቡ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን።

ከጠርዝ የሚጀምር የቀስተ ደመና ነጸብራቅ ካያችሁ ሻጋታ አይደለም፣ ሁለቱን መስታወቶች ያጣበቀው ሙጫ ለቋል። እጥበት አያድነውም፤ ዋጋ ይቀነስ ወይም ይመለስ።

መስታወቱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል

ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፣ ቢጫነቱ ይወጣል። ባለ 7 መስታወቱ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ በዚህ ይታወቃል፤ በውስጡ ያለው ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከዘመን ብዛት መስታወቱን ያጠቁረዋል። የአልትራቫዮሌት መብራት ለቀናት ሲበራበት ይነጣል። ፀሐይም ትሠራለች፣ ነገር ግን ትታችሁት አትሂዱ፤ ጨረሩን ሰብስቦ እሳት ያስነሳል።

የአፐርቸሩ ምላጮች ቅባት ነክቷቸዋል

የፎከሱ ግሪስ በሙቀት ቀጥኖ ወርዶ ነው። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ከሆነ አፐርቸሩ በእጅ ስለሚዘጋ ብዙም አይጎዳውም፣ አትፍቱት። ካሜራው ራሱ የሚዘጋው ዓይነት ከሆነ ግን ምላጮቹ ስለሚዘገዩ ፎቶው ብርሃን ይበዛበታል፤ መታጠብ አለበት።

ሩቅ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል

ሌንሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ከሌላ ዓይነት ካሜራ ጋር በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) መገጠሙ ይሆናል። ኤም 42 የሚባለው ተጠምዝዞ የሚገጠም ሌንስ መግጠሚያው ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ የኒኮን ኤፍ ካሜራ ርቀት 46.5 ስለሆነ መስታወት የሌለው አዳፕተር ሩቁን አያጠራውም። የካኖን ኢኤፍ ካሜራ 44 ነው፣ ይሠራል።

ዕቃው ጉምሩክ ላይ ቆመ

ብዙ ጊዜ ላኪው «ስጦታ» ብሎ ወይም ዋጋውን ዜሮ አድርጎ ሞልቶ ነው። ገንዘብ ባይተላለፍም ሌንሱ ዋጋ አለው። «ያገለገለ የካሜራ ሌንስ»፣ ብዛት፣ ክብደት፣ የተሠራበት አገር፣ እውነተኛ ግምትና የታሪፍ ቁጥር 9002.11 ይጻፍ። የፖስታ ሣጥን ቁጥርና በ251 የሚጀምር ስልክ አይረሳ።

ስትልኩ ፎከሱን ኢንፊኒቲ (የመጨረሻው ሩቅ ምልክት) ላይ አድርጉት፣ ሌንሱ ያጥራል። ሁለቱንም ክዳን ግጠሙ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር በላስቲክ አሽጉ፣ በየጎኑ 5 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ይኑር። ከመታሸጉ በፊት የተከታታይ ቁጥሩን የዕለቱ ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ፎቶ አንሱ። ከቀዝቃዛ ጭነት የመጣውን ደግሞ ላስቲኩን ሳትፈቱ ጥቂት ሰዓት ክፍል ውስጥ አቆዩት፤ ቶሎ ከተከፈተ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይይዛል።