የደብሊን ፀጉር ቤት ኮሜዲ አቀራረጽ፦ መስታወት፣ መቀስና ፎን

በደብሊን የሠራተኞች ሰፈር ባለች ፀጉር ቤት ውስጥ ኮሜዲ ፊልም ስትሠሩ መጀመሪያ የሚወሰነው የቀረጻው ቅደም ተከተል ነው፤ የተቆረጠ ፀጉር ተመልሶ አይቀጠልም። ረጅም ፀጉር የሚታይባቸውን ትዕይንቶች፣ በስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ቢመጡም፣ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ለመቁረጡ ሾት (ሳይቋረጥ ለሚቀረጸው አንድ ቁራጭ) ቀለሙ የሚመሳሰል ቅጥያ ፀጉር ከላይኛው ፀጉር ሥር ይታሰርና መቀሱ እሱን ይቁረጥ። አምስት ጊዜ ለመቅረጽ ካሰባችሁ ሰባት ቅጥያ አዘጋጁ። የሁሉም እርጥበት እኩል ይሁን፤ እርጥብ ፀጉር ጠቆርና ረዘም ብሎ ስለሚታይ፣ በመብራት ሙቀት ከደረቀው ጋር በኤዲቲንግ ሲገጣጠም ልዩነቱ ያጋልጣችኋል።

የእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ሀብት መስታወቱ ነው። የፀጉር ሠሪዋም የደንበኛዋም ፊት በአንድ ሾት ይገባል፤ ቀልዱን በኤዲቲንግ ሳትቆራርጡ የሁለቱን ምላሽ እኩል ታሳያላችሁ። ካሜራው ራሱ ከታየ መስታወቱን ከጀርባው በትንሽ እንጨት ደግፋችሁ በጥቂት ዲግሪ አዙሩት። ፎከስ ሲለካ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ካሜራው ከመስታወቱ 2 ሜትር፣ ተዋናይቷ ደግሞ 1 ሜትር ከራቁ፣ ለነጸብራቋ ፎከሱ 3 ሜትር ነው።

የአየርላንድ መብራት 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጋችሁ ቅረጹ። በ24 ፍሬም ከሆነ ሸተሩን ወደ 172.8 ዲግሪ አውርዱት፣ ይህም ያው 1/50 ሴኮንድ ነው፤ አለዚያ የፀጉር ቤቱ ፍሎረሰንት መብራት ሊርገበገብ ይችላል። 2000 ዋት የሚወስድ ፎን (የፀጉር ማድረቂያ) ወደ 9 አምፔር ይስባል፤ በማራዘሚያው መሰኪያ ውስጥ ያለው ፊውዝ ቢበዛ 13 አምፔር ስለሆነ ሁለት ፎን በአንድ ማራዘሚያ ላይ አትሰኩ።

ንግግር ባለበት ሾት ግን ፎኑ አይሠራም፤ ድምፁ ለብቻው ተቀርጾ በኋላ ይጨመራል። ፎኑ ሲጠፋ ተዋንያን ሳያውቁት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ጫጫታው ሲገባ ንግግሩ ይዋጣል። በልምምድ ላይ ፎኑን አብርታችሁ እየጮኹ እንዲነጋገሩ አድርጉ፣ ከዚያ አጥፉትና በዚያው ከፍታ ይቀጥሉ።

መቀስ አያያዝ ሳይለመድ ቀረጻ አይጀመር። የቀለበት ጣት በአንዱ ቀዳዳ፣ የአውራ ጣት ጫፍ በሌላው ይገባል፤ የሚንቀሳቀሰው የአውራ ጣቱ ስለት ብቻ ነው። ሁለቱም ስለቶች ከተንቀሳቀሱ ፀጉር ሠሪ ተመልካች ወዲያው ታውቃለች። እጅ ሥራውን ሳያቋርጥ አፍ ሲያማ ነው ቀልዱ የሚጥመው፤ የደብሊንን አነጋገር እያጋነኑ ብቻ ሳቅ መፈለግ ግን ሰፈሩን መሳቂያ ማድረግ ነው።

ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ወለሉን በፎቶ ያዙ፤ የወደቀው ፀጉር ቦታውንና ብዛቱን ከቀየረ ሾቶቹ አይገጥሙም።