እናትና ልጅን በሐር ላይ መሳል፦ የሌ ፎ መንገድ

ቬትናማዊው ሌ ፎ (1907–2001) ሃኖይ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሪስ ላይ የቀረ ሠዓሊ ነው። የእሱ እናቶች አይስቁም፣ አያለቅሱም፤ ፍቅሩ ያለው በአንገቱ መዘንበል፣ በወረደው የዓይን ሽፋንና በረጃጅሙ ጣት ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ንድፉን በልኩ ይጨርሱ፤ ሐር ላይ እርሳስ በወጉ አይጠፋም።

ስስ ነጭ ሐር ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ እርጥብ ሳለ እንጨት ፍሬም ላይ ወጥረው ያድርቁት። ቀለሙ እንደ ዘይት ጠብታ ከተስፋፋ ቀጭን የሩዝ ስታርች ይቀቡት። ንድፉን ከሥሩ አድርገው መስመሩን በቀላል እጅ ሐሩ ላይ ይቅዱ፤ ከዚያ ወረቀቱን ያውጡት፤ ሐሩን ከነካ ቀለሙን ይመጠዋል።

ጥቁር ቀለምና ጎዋሽ (በውሃ የሚሟሟ ድፍን ቀለም) ውሃ እስኪመስሉ ያቅጥኑ። አንዱ ንብር ሲደርቅ በንጹሕ ውሃ በራሰ ለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፤ ያልያዘው ይሄዳል፣ ክሩ ውስጥ የገባው ይቀራል። አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግሙ። ትዕግሥት የሚፈትነው ይኸው ነው፤ በአንድ ወፍራም ቅብ ላሳጥር ያለ ሰው ኖራ የተለሰነ ፊት ያተርፋል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። የጉንጩን ብርሃን በነጭ አይሥሩት፣ ሐሩን ራሱን ይተዉት።

የልጁ ግንባርና የእናቲቱ ጉንጭ የሚነካኩበት ቦታ ላይ መስመር አያስገቡ፤ ሁለቱን የሚለይ ቀጭን ጥላ ይበቃል። የዓይን ሽፋኑን ከሁሉም በኋላ ይሥሩት፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በሹል ብሩሽ።